ባቡሩ የደረሰላቸውና የቀረባቸው፦ የዴንቨር ጉዞ ማስታወሻዬ

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው፤ የምሠራው ቃሊቲ። ላለፉት 9 ዓመታት ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ሚኒባስ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ስለዚህ የባቡር ነገር ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ታላቅ እህቴን ለማየት አሜሪካ ሄጄ ነበር። የምትኖረው ኦሮራ ነው፤ ከዴንቨር ጋር የተጣበቀች ከተማ ናት። ሥራዋ ዴንቨር አየር ማረፊያ ውስጥ ሲሆን የምትመላለሰው በባቡር ነው። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሁልጊዜ እቀናለሁ። በእኛ በኩል ደግሞ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ፣ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ አየር ማረፊያ እንዲሠራ ታቅዷል። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የንድፍ ውሉ ከተፈረመ ወዲህ ከተማችን ውስጥ ቡና ላይ ሌላ ወሬ የለም። መሬት፣ ካሳ፣ ሥራ... እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። ባቡር ይኖረዋል? ካለውስ ለማን ይቆማል? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የተጓዝኩት።

የጉዞ ቀኖቼን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ። ስለ ባቡሮቹ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ግን በፈረንጆቹ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2፦ ዳለስ እና ሲልቨር ስፕሪንግ

ዋሽንግተን፣ ዳለስ አየር ማረፊያ የደረስነው ጠዋት ነው። የኮሌጅ ጓደኛዬ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። «መኪና ይዤ ልምጣ» ብላኝ ነበር። በባቡር ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ።

ምልክቱን ተከትዬ ሄድኩ። ረጅም መተላለፊያ አለ፤ ወለሉ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ይወስዳል። መጨረሻው ሜትሮው ነው። ካርዱ 2 ዶላር፣ ጉዞው 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ቅዳሜና እሑድ ቅናሽ አለው። በሥራ ቀን ራቅ ያለ ቦታ ለሚሄድ እስከ 6 ዶላር ከ75 ይደርሳል። አንድ የታክሲ ሾፌር ስጠይቀው «ከ80 ዶላር አያንስም» ነው ያለኝ፤ ሐበሻ ነው፣ ሰላምታ ተለዋውጠን ተለያየን።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ነገር ባቡሩ ከዳለስ አለመነሳቱ ነው። ከአሽበርን ነው የሚመጣው፤ ከአየር ማረፊያው አልፎ ካለ የመኖሪያ ሰፈር። ዳለስ መሀል ላይ ያለ አንድ ፌርማታ ነው። ስገባ ወንበሮቹ ላይ ሰው ነበር። የኳስ ማሊያ የለበሰ ልጅ ከአባቱ ጋር ተቀምጧል። አንዲት ሴት የሥራ ዩኒፎርም እንደለበሰች አንቀላፍታለች። ሻንጣ የያዝነው አራት አምስት ብንሆን ነው። ያ ባቡር የእነሱ ነው፤ እኔ እንግዳ ሆኜ ገባሁበት። ይህን ስሜት ወደድኩት።

ዳለስ የተከፈተው በ1962 ነው። ያኔውኑ በመዳረሻ መንገዱ መሀል ለባቡር የሚሆን መሬት ትተው ነበር። ሐዲዱ መንገድ ላይ ያለችው ሬስተን የደረሰው በ2014፣ አየር ማረፊያው ጋ የደረሰው ደግሞ ኅዳር 2022 ነው። 60 ዓመት መሆኑ ነው! ጣቢያው መጀመሪያ ከተርሚናሉ ፊት ለፊት፣ ከመሬት በታች እንዲሠራ ነበር የታሰበው። ወጪው ሲከብድ ወደ መኪና ማቆሚያው ጎን ወሰዱትና ከመሬት በላይ ሠሩት። መንገደኛው ጥቂት ደቂቃ በእግሩ ይሄዳል፣ ይኸው ነው። በእኔ አስተያየት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሻንጣ የያዘ ሰው ትንሽ ቢራመድና በተረፈው ገንዘብ ሐዲዱ ሰው ወደሚኖርበት ቢቀጥል ይሻላል። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሸፈኑት ደግሞ በዳለስ የክፍያ መንገድ ላይ መኪና የሚነዱ ሰዎች ናቸው። ይህን ጓደኛዬ በምሬት ነው የነገረችኝ፤ ባሏ በየቀኑ ይከፍላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ስወርድ ከሜትሮው ጎን ሌላ ሐዲድ አየሁ። የሜሪላንድ የተመላላሽ ባቡር፣ ማርክ የሚባለው፣ በዚያ ያልፋል። መሳፈሪያው ላይ አንድም ሰው የለም። ቅዳሜ አይሠራም አለችኝ። በዚህ መስመር በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ማታ ወደ ቤት፣ በቃ። ሐዲዱ የሲኤስኤክስ ነው፤ ዕቃ የሚጭን ኩባንያ። የሰው ባቡር የሚሄደው እየተፈቀደለት ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ዴንቨር ላይ ይመለሳል።

ማታ ክትፎ በላን፤ 20 ዶላር ተከፈለበት። አይቡ ጥሩ ነው፣ ቅቤው ግን የእኛን አያክልም።

እሑድ፣ ጥቅምት 3፦ ዴንቨር

ሻንጣዬ አልመጣም። ሰው ሁሉ የራሱን እያነሳ ሄደ፤ እኔ የሚዞረውን ጎማ ሳይ ቀረሁ። እናቴ ለእህቴ የላከችው በርበሬና ሽሮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ «ነገ ቤት ድረስ እናመጣለን» አለችኝና አድራሻ ተቀበለች።

ዴንቨርን «አንድ ማይል ከፍ ያለች ከተማ» ይሏታል፤ 1,609 ሜትር መሆኗ ነው። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ራስ ምታት እንዳይዘኝ ውሃ ጠጪ ስትለኝ ነበር። ቢሾፍቱ ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። ለእኔ ቁልቁለት ነበር።

ባቡሩ ሆቴሉ ሥር ነው የሚቆመው። ከተርሚናሉ ወጥተሽ ደረጃውን ከወረድሽ ደረስሽ። የቲኬት ማሽኑ ላይ 2 ዶላር ከ75 የሚል አየሁና ልነካው ስል አንድ የጥበቃ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አስቆመኝ። ያ ለከተማው ውስጥ ነው፤ ከአየር ማረፊያ የሚነሳ 10 ዶላር ይከፍላል። በዚያ ሰሞን ምንዛሪ 1,200 ብር ገደማ ነው። ከዳለስ 2.50 ከፍዬ ለመጣሁ ሰው ደነገጥኩ። በኋላ ሳጣራ ግን ቲኬቱ ቀኑን ሙሉ በሁሉም አውቶቡስና ባቡር ላይ ይሠራል። ዕድሜያቸው እስከ 19 የሆኑ ልጆች ደግሞ ምንም አይከፍሉም። ያንን ስሰማ ትንሽ ተረጋጋሁ።

ይህ ባቡር ኤ መስመር ይባላል። ሚያዝያ 2016 ነው የተከፈተው። ከአየር ማረፊያው እስከ መሀል ከተማ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚወስደውም 37 ደቂቃ። ቀን ቀን በየ15 ደቂቃው ይመጣል። ርቀቱን ስሰማ ወዲያው አቡሴራ ትዝ አለኝ። እሱም ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዴንቨር አየር ማረፊያ የተከፈተው በ1995 ነው። ከከተማ ርቆ፣ ሜዳ ላይ ተሠራ። ባቡሩ እስኪመጣ 21 ዓመት ሰው በመኪናና በአውቶቡስ ነው የተመላለሰው።

መንገዱ ላይ 6 ፌርማታዎች አሉ። አንዱ ጭራሽ ባዶ ሜዳ ላይ ነበር የተተከለው፤ ሰፈሩ ኋላ በዙሪያው እንዲበቅል። በመስኮት ሳይ አዳዲስ ፎቆች ቆመዋል። እኔ መሀል ከተማ ድረስ አልሄድኩም። ፒዮሪያ ወርጄ ኦሮራን አቋርጦ የሚሄደውን አር መስመር ያዝኩ። አይሊፍ በሚባለው ጣቢያ እህቴ ቆማ ትጠብቀኛለች። 6 ዓመት አልተያየንም። ስለ እሱ አልጽፍም።

ኦሮራ ከአዳማ ጋር እህትማማች ከተማ ናት። ዴንቨር ደግሞ ከአክሱም ጋር፣ ከ1995 ጀምሮ። የእህቴ ባል ይህን ሲነግረኝ ኩራት ፊቱ ላይ ነበር። ቤታቸው አካባቢ እንጀራ የማይሸጥ ሱቅ ማግኘት ይከብዳል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፦ የሌሊቱ ባቡር

እህቴ ሥራ የምትገባው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። አብሬሽ ልሂድ አልኳት። «አብደሻል? ተኚ እንጂ» አለችኝ። ተነሳሁ።

ባሏ በመኪና ፒዮሪያ አደረሰን። 10 ሰዓት ሳይሞላ መሳፈሪያው ላይ ሰው ተሰልፏል። ይህ ባቡር የሚያርፈው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ሲመጣ ገባን። ሻንጣ የያዘ መንገደኛ አለ፣ አዎ። አብዛኛው ግን አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ነው። የጽዳት ሠራተኞች፣ የኩሽና ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ ሻንጣ ጫኞች። አማርኛ ሰማሁ። ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ስፓኒሽ ሰማሁ። አንዲት እናት ከእህቴ ጋር ተሳሳሙና ከቦርሳዋ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችን። ድፎ ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ያለው። ገና ትኩስ ነበር።

አየር ማረፊያው ውስጥ ከ30,000 በላይ ሰው ይሠራል። ይህን ቁጥር ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። «የአየር ማረፊያ ባቡር» ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሱፍ የለበሰ ነጋዴ ወይም ቱሪስት ነበር። ባቡሩን በሌሊት የሚሞላው ግን እህቴና መሰሎቿ ናቸው። አሠሪዋ የዓመት ማለፊያ ሰጥቷታል፤ 10 ዶላሩን አትከፍልም። ማለፊያ የሌለው ሠራተኛስ? አንዱን ጠየቅኩት። ወጪው ከብዶት ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው በአንድ መኪና እንደሚመጡ ነገረኝ፤ ያን ቀን በባቡር የመጣው ባለመኪናው ስለታመመ ነው። ይህ ልቤን ነካው። ዋጋው ሲወሰን መንገደኛው ብቻ ከታሰበ እዚህ ያለው ሰው ይጎዳል።

እህቴን ተሰናብቼ በዚያው ባቡር ተመለስኩ። ፀሐይ ስትወጣ በምዕራብ በኩል ያሉት ተራሮች ቀይ ሆኑ። ያን ያህል ሰፊ ሰማይ አይቼ አላውቅም።

ሻንጣዬ ከሰዓት በኋላ መጣ። በርበሬው ደኅና ነው። የሽሮው ፌስታል ተቀዶ ልብሴ ላይ ፈስሷል። እህቴ አንዱን ሹራብ አንስታ አሸተተችና ዝም አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5፦ ዩኒየን ስቴሽን እና ኢስትሌክ

ዩኒየን ስቴሽን ያምራል። አሮጌ ጣቢያ ነው፤ በ2014 ታድሶ ከላይ ሆቴል፣ ከታች ምግብ ቤትና የሰው ሳሎን ሆኗል። ቡና 5 ዶላር ነው። ሰዎች ባቡር ሳይጠብቁም እዚያ መጥተው ይቀመጣሉ። የእኛ ለገሃር ታወሰኝ። ውጭ ያለው 16ኛው መንገድ ያኔ ተቆፋፍሮ እየተሠራ ነበር፤ አቧራው አዲስ አበባን ያስናፍቃል።

የከተማው ዳርቻ ባቡሮች ከዚህ ነው የሚነሱት። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2004 የዴንቨርና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ድምፅ ሰጡ። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ግብይት 40 ሳንቲም ተጨማሪ ግብር ሊከፍሉ ተስማሙ። ዕቅዱ ፋስትራክስ ይባላል። ግምቱ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ለአየር ማረፊያው፣ ለሰሜኑ፣ ለምዕራቡ፣ ለኦሮራ፣ ለቦልደርና ለሎንግሞንት፣ ለሁሉም ሐዲድ ተባለ። ከዚያ የ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። ሰው መግዛት ቀነሰ፣ ግብሩም ቀነሰ፤ የግንባታ ዋጋ ግን ከፍ ብሎ ነበር። ለሁሉም የሚበቃ አልሆነም።

ታዲያ ማን ይቅደም? አየር ማረፊያው ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። የፌዴራል መንግሥት 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰጠ፣ የግል ኩባንያዎችም ገቡበት። በዚያው ጥቅል ኤ መስመር፣ ጂ መስመርና የቢ መስመር የመጀመሪያ ቁራጭ ተሠሩ። በሐቀኝነት ካየነው ምክንያት አለው። የአየር ማረፊያ መስመር ጠዋትም ማታም ቀንም ሰው አለው። መንገደኛና ሠራተኛ ይፈራረቁበታል። የዳርቻ ባቡር ጠዋት ሞልቶ ይሄዳል፣ ቀን ባዶውን ይመለሳል። ገንዘብ ሰጪ የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ከሰኞ ሌሊት በኋላ እኔም ኤ መስመርን አልቃወምም።

ኤን መስመርን ይዤ ወደ ሰሜን ወጣሁ። መስከረም 2020 የተከፈተ ነው። እሱም ሙሉ አይደለም። ኢስትሌክ ላይ ያበቃል፤ ቀሪው ወደ ሰሜን ሊቀጥል የታሰበ ነው። መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ፣ ትንሽ ሐይቅና ጸጥታ አለ። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሙዝ በላሁ። ቢሾፍቱ ናፈቀችኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ማታ የእህቴ ጎረቤት፣ ጋሼ የምንለው ሰው፣ ቡና ሊጠጣ መጣ። ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል። ባቡሩ ሲከፈት ምን ሆናችሁ አልኩት። «ገበያው ቀዘቀዘ» አለኝ። ባቡሩ ብቻ ሳይሆን በስልክ የሚጠራው ታክሲም ጎድቷቸዋል። ትንሽ ዝም አለና ቀጠለ። «ግን ባለቤቴ በእሱ ነው ሥራ የምትሄደው። ምን እላለሁ?»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6፦ ቦልደር እና ሎንግሞንት

የመጣሁበትን ያገኘሁት በዚህ ቀን ነው።

ቢ መስመር ወደ ቦልደርና ሎንግሞንት ሊሄድ የነበረው ባቡር ነው። 66 ኪሎ ሜትር ገደማ። የተሠራው 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ዌስትሚንስተር ላይ ይቆማል። ተሳፍሬ ሄድኩ። ገና ተደላድዬ ሳልቀመጥ ደረስን። ሐዲዱ ግን ወደ ፊት ይቀጥላል፤ የዕቃ ባቡር ይሄድበታል። ባለቤቱ ቢኤንኤስኤፍ ነው። እዚህም እንደ ሜሪላንዱ ሐዲዱ የዕቃ ጫኝ ነው። ሰው ለመጫን ከባለቤቱ ጋር መስማማት፣ ተጨማሪ ሐዲድና መሻገሪያ መሥራት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በታች የተባለው ግምት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን አለፈ። አንድ ጊዜ ጭራሽ እስከ 2042 ሊቆይ ይችላል ተብሎ ነበር።

ተመልሼ ከዩኒየን ስቴሽን ምድር ቤት የቦልደርን አውቶቡስ ያዝኩ። ፍላቲረን ፍላየር ይሉታል። ከባቡሩ ይልቅ የተሰጣቸው ይህ ነው ማለት ይቻላል። መጥፎ አይደለም። ወንበሩ ምቹ ነው፣ በፈጣኑ መስመር ይበራል። ሰው ግን ባቡር ብሎ ነው ድምፅ የሰጠው።

ቦልደር ውስጥ ዴፖ ስኩዌር የሚባል ቦታ በእግሬ ሄድኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ። በ1890 የተሠራ ውብ የባቡር ጣቢያ ሕንፃ አለ፤ ከነበረበት ተነስቶ እዚህ የተተከለ ነው። ከሥሩ አዲስ የአውቶቡስ ጣቢያ ተሠርቷል፤ ሲሠራም ባቡር ይመጣል ተብሎ ነው። በአጠገቡ አፓርታማዎች አሉ። ሐዲዱም አለ። ሁሉ ነገር አለ። የጎደለው ባቡሩ ነው። ሐዲዱ አጠገብ ቆሜ ረጅም ሰዓት አየሁት። የእኛን ሐዲድ ነበር የማስበው። ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ነው፣ በኤሌክትሪክ ነው፣ በቢሾፍቱ ያልፋል። እኔ ግን ቃሊቲ ለመድረስ ሚኒባስ እጋፋለሁ።

ከቦልደር ሎንግሞንት ሌላ አውቶቡስ ነው። በሁለቱም በኩል እርሻ፣ ፈረስ፣ ከበስተጀርባ ተራራ። ረቡዕ ስለሆነ ከቤት የያዝኩትን የጾም ሳንድዊች በላሁ። ሎንግሞንት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ በታች በኩል ሐዲዱ ያቋርጣል። አንድ ካፌ ገብቼ ሻይ አዘዝኩ፤ 3 ዶላር ከ50። ባለቤቷ ሽበት ያላቸው እናት ናቸው። ከየት መጣሽ አሉኝ። ከኢትዮጵያ፣ ባቡር ላይ ነው የመጣሁት... ማለቴ ስለ ባቡሩ ልጠይቅ ነው አልኳቸው። ፎጣቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ።

በ2004 እሺ ብለው ድምፅ ከሰጡት አንዷ ናቸው። «ያኔ ልጄ አንደኛ ክፍል ነበረች። አድጋ በባቡር ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች ብዬ ነበር። አሁን አግብታለች» አሉኝ። የሒሳብ ማሽናቸውን አሳዩኝ። እዚህ የምትሸጥ እያንዳንዷ ሻይ ግብሩን ትከፍላለች። 20 ዓመት ሙሉ። የእኔም ሻይ ከፈለ ማለት ነው። በአየር ማረፊያው ባቡር ሄደው ያውቃሉ? አዎ፣ አንዴ፣ እኅታቸውን ሊቀበሉ። ዩኒየን ስቴሽን ድረስ ግን በመኪና ነው የሄዱት። «ጥሩ ባቡር ነው» አሉ። ንዴት አልነበረባቸውም። ያ ነው የበለጠ የከበደኝ።

አንድ ተስፋ ያለው ነገር ነገሩኝ፤ በኋላም አጣራሁት። ዴንቨር ያለችባት ግዛት፣ ኮሎራዶ፣ በ2021 ከፑብሎ እስከ ፎርት ኮሊንስ ለሚዘረጋ የመንገደኛ ባቡር አንድ ተቋም በሕግ አቋቁማለች። ባቡሩ በቦልደርና በሎንግሞንት እንዲያልፍ ነው የታሰበው። አገረ ገዢው ጃሬድ ፖሊስ የመጀመሪያው አገልግሎት በ2029 እንዲጀምር ይፈልጋሉ። በ2024 ደግሞ መኪና በሚከራዩ ሰዎች ላይ በቀን እስከ 3 ዶላር የሚደርስ ክፍያ እንዲጣል በሕግ ተወሰነ፤ ገንዘቡ ለእንዲህ ዓይነቱ መጓጓዣ የሚውል ነው። መኪና የሚከራየው ማነው? በአብዛኛው በአየር የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳው በሚከፍለው የአገሬው ሰው ባቡር ይሠራ እንደማለት ነው። ከጉዞዬ ሁሉ በጣም የወደድኩት ሐሳብ ይህ ነው። አቡሴራ ላይ በየዓመቱ የሚያርፈው ያ ሁሉ መንገደኛ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ የገላንና የዱከም ሰው ባቡር አያጣም።

ወሬው ጣፍጦን የዴንቨሩ አውቶቡስ አመለጠኝ። የሚቀጥለው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ቀን ሙቀት ነበር፤ ፀሐይ ስትገባ ግን ነፋሱ አጥንት ይበሳል። ቀጭን ነጠላ ብቻ ነበር የያዝኩት። ካፌው ሊዘጋ ስለሆነ ሴትዮዋ ሻይ በወረቀት ኩባያ ሞልተው ሰጡኝ፤ ገንዘብ አልተቀበሉም። ፌርማታው ላይ ሆኜ የዕቃ ባቡር ሲያልፍ ሰማሁ። ጡሩንባው ረጅም ነው። ፉርጎዎቹ አለቁ ስል ሌላ ይመጣል። ቤት የደረስኩት ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። እህቴ ተቆጣች፣ ከዚያ ምስር ወጥ አቀረበች።

ከሐሙስ በኋላ

የቀሩትን ቀኖች ከእህቴ ጋር ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ተራራ። ዓርብ ዕለት ከእሷ ጋር በሌሊቱ ባቡር አየር ማረፊያ ገባሁ፤ እሷ ለሥራ፣ እኔ ለበረራ። 10 ዶላሬን ከፈልኩ። ከፍተሻው በፊት ተቃቅፈን ቆየን። ሥራ ረፈደባት።

ቢሾፍቱ

ከቦሌ እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ በሚኒባስ። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ታሰረ፤ እኔ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። ገላን፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ። መንገዱን ሙሉ ፌርማታ ስተክል መጣሁ። እዚህ ፋብሪካ ሴቶች በፈረቃ ሲወጡ ይቆምላቸዋል። እዚህ ዱከም ገበያ አጠገብ። እዚህ ከተማችን ውስጥ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ሳይሆን ውስጥ። ለአየር ማረፊያው የሚዘረጋው ባቡር ከቦሌ ተነስቶ የትም ሳይቆም አቡሴራ የሚገባ ከሆነ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ የምናየው ነገር ይሆናል። በፍጥነት 15 ደቂቃ ይቀንስ ይሆናል። እነዚያን 15 ደቂቃዎች መንገደኛው ይስጠን እላለሁ። ዳለስ ላይ ሰጥቷል፣ ፒዮሪያ ላይም ሰጥቷል።

ሰኞ ከ12 ሰዓት በፊት ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የጋቢያቸው ጫፍ ጤዛ ነክቶታል። ስለ እህቴ የሌሊት ባቡር ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «እኛም እኮ ከደብረ ዘይት ለገሃር በባቡር ነበር የምንሄደው» አሉኝ። ጣቢያው ላይ ዳቦና እንቁላል የሚሸጡትን ሴቶች፣ የፉርጎውን የእንጨት ወንበር፣ ቲኬት የሚበሳውን ሰውዬ መቀስ ሳይቀር አስታወሱ። ዋጋው ስንት ነበር ብዬ ልጠይቃቸው ስል ሚኒባሱ መጣ። ሰልፉ ፈረሰ። እሳቸውን አስቀደምኳቸውና እኔ የሚቀጥለውን ጠበቅኩ።